የአምስት ወር ልጄ ፒዲኤ አለባት ተባልኩ፤ ባህር ዳር ያላችሁ ምከሩኝ

የሚሚ እናት
ሰላም ለቤቱ። ባህር ዳር፣ ድባንቄ አካባቢ ነኝ። ልጄ አምስት ወሯ ነው፣ የመጀመሪያዬ ናት። ጊዜዋን ጨርሳ 3.2 ኪሎ ሆና ነው የተወለደችው። አሁን ገና 5 ኪሎ አልሞላችም። ጡት ትይዛለች፣ ትንሽ ሳብ ሳብ ታደርግና ትለቃለች፣ ታለከልካለች፣ ከዚያ እንደገና ትፈልጋለች። ግንባሯና ማጅራቷ በላብ ይርሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ሙቀቱ ነው ሲል ከረመ። እውነትም በሚያዝያ ባህር ዳር የማያልበው ማን አለ? በዚያ ላይ አሁንም አሁንም ያስላታል። ብርድ አስመታሻት ይሉኛል፣ ሲሮፕ ይታዘዛል፣ ሻል ይላታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ሰሞኑን የሳንባ ምች ተብላ ተኝታ ስትታከም አንድ ወጣት ሐኪም ደረቷን ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ አዳመጠ። ተማሪዎቹን ጠርቶ ተራ በተራ አስደመጣቸው። እኔ ቆሜ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች። ወረቀቱ ፒዲኤ (ሲወለዱ መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ክፍት መቅረት ነው አሉኝ)፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ የልብ ግራ ክፍል ሰፋ ብሏል ይላል። ላሲክስ የሚባል ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጀመሩላትና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉልን።

አሁን ቤታችን በየቀኑ ክርክር ነው። ባለቤቴ ትንሽ ትጠንክርና እንወስዳታለን ይላል። አማቴ እንጥሏ ወርዶ ነው ይቆረጥላት ትላለች። እኔ ደግሞ እርጉዝ ሆኜ ለወገቤ ማስታገሻ ክኒን እወስድ ስለነበር እሱ ይሆን እንዴ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያለፈባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በራሱ ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?

ጣና ዳር
እግዜር ይማርልሽ እናትየ። አትደንግጪ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ ተብሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቀዳዳው ድራሹ ጠፋ፣ አሁን ኳስ ሲያባርር ነው የሚውለው። ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ። ጨቅላ ይዘሽ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያንከራትትሻል? ዝም ብለሽ አጥቢያት።

ሲስተር ነኝ
ጣና ዳር፣ ለደግ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር አቀላቅለሃል። የአክስትህ የልጅ ልጅ የነበረበት በልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም። ያ ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል። የሚሚ ግን ልብ ውስጥ ያለ ቀዳዳ አይደለም፣ ከልብ በላይ ያለ የደም ቧንቧ ነው።

የሚሚ እናት፣ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ ለእናቶች እንደምነግረው ልንገርሽ። ፅንስ ሆድ ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅኑን ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው የሚያገኘው። ሳንባው ፈሳሽ የሞላበት ስለሆነ ብዙ ደም አይፈልግም። ስለዚህ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ትልቁን ቧንቧ ከአኦርታ፣ ማለት ከልብ ወደ ሰውነት ደም ከሚወስደው ዋና ቧንቧ ጋር የሚያገናኝ አጭር ቧንቧ አለ፣ ደሙ ሳንባውን ትቶ በዚያ አቋርጦ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ሁላችንም ነበረን። ልጅ ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው አየር ይሞላል፣ በደሙ ውስጥ ኦክስጅን ይጨምራል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይዞት የነበረው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የቧንቧው ግድግዳ ይኮማተራል። ጊዜውን ጨርሶ በተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ቀን ይዘጋል። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ጅማት ሆኖ ይቀራል። ያንቺ ልጅ ጋ ሳይዘጋ ቀረ። ይኸው ነው።

ከተወለደች በኋላ ግን ደሙ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። የአኦርታው ግፊት ከሳንባው ቧንቧ ስለሚበልጥ ወደ ሰውነቷ መሄድ ከነበረበት ደም ከፊሉ ተመልሶ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ሳንባዋ በደም ይጨናነቃል፣ የምታለከልከውና የሳንባ ምች የሚመላለስባት ለዚህ ነው። ልቧ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ይገፋል፣ ግራው የሰፋው ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ትልቁ የጉልበት ሥራዋ መጥባት ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ትደክማለች፣ ያልባታል። ሙቀቱ ነው ለሚሉሽ ጠዋት ገና አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ ስታጠቢያት ያሳያቸው።

አምስት ወር ላይ ይህን ያህል ክፍት የሆነ ቧንቧ በራሱ ይዘጋል ብለሽ አትጠብቂ።

ክኒኑንም ከራስሽ አውርጂ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በእርግዝና መጨረሻ ወራት የሚከለከሉበት አንዱ ምክንያት ይህንኑ ቧንቧ ሆድ ውስጥ ሳለ ያለጊዜው ስለሚያጠቡት ነው። ክፍት አያስቀሩትም። ብዙ ልጆች ላይ ምክንያቱ አይገኝም። የታወቁት ያለጊዜ መወለድ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ በሩቤላ (ሽፍታ በሚያወጣ የቫይረስ በሽታ) መያዝ፣ ዳውን ሲንድረም ናቸው። ሴቶች ልጆች ላይ ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ይታያል። ባለቤትሽም ሆነ አማትሽ አንቺን የሚወቅሱበት ነገር የለም።

የሚሚ እናት
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለቀስኩ እንጂ ገብቶኛል። ስለ ክኒኑ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ተረኛው
ሲስተር ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽ። ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ዎርዱ ጋብ ሲል ጥቂት ልጨምር።

ሐኪሙ ተማሪዎቹን የጠራው ሊያስደነግጥሽ አይደለም። የዚህ ቧንቧ ድምፅ ከሌሎቹ ይለያል። ሌላው የልብ ድምፅ በምት መካከል ያርፋል፣ ይሄኛው ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በግራ ማጭድ አጥንት ሥር ነው ጎልቶ የሚሰማው። አንድ መምህራችን ወደ ዘጌ የሚሄደውን የጀልባ ሞተር አስቡ ይለን ነበር፣ አንዴ የሰማው አይረሳውም። የሕፃኗ የእግር ትርታም ጠንከር ብሎ ይመታል። ማዳመጫ ብቻ ይዞ ግማሹን መንገድ መሄድ ይቻላል፣ ቀሪውን ኢኮ ይጨርሰዋል።

ኢኮውም ቧንቧውን ብቻ ለክቶ አይተውም። ሌላ የልብ ጉድለት ኖሮባቸው በዚህ ቧንቧ ምክንያት ብቻ በሕይወት የሚቆዩ ጨቅላዎች አሉ። ለእነሱ እንዳይዘጋ በደም ሥር መድኃኒት እንሰጣለን። ስለዚህ ከመዝጋት በፊት ልቡ በሙሉ ይታያል። ወረቀታችሁ ላይ ሌላ ጉድለት የለም የሚል ካለ ትልቅ ነገር ነው፣ አንብቢው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ያነበበ ሰው አይቡፕሮፌን ያጠበዋል ከተባለ ሲሮፑን ገዝቼ ልስጣት እንዳይል። ያ የሚሠራው ያለጊዜያቸው በተወለዱ ጨቅላዎች ላይ ነው፣ እሱም ሆስፒታል ውስጥ። በአምስት ወር ልጅ ቧንቧውን አይዘጋውም፣ ኩላሊቷን ግን ሊጎዳ ይችላል፣ ላሲክስ ላይ ሆና ደግሞ ይብሳል።

ላሲክሱም አይዘጋውም። ሳንባዋ ላይ ያለውን ጭነት ያቀልላታል፣ ጊዜ ይገዛላችኋል። ዶዙ በኪሎ ስለሆነ ስትጨምር ይስተካከላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት፣ ቶሎ ትደርቃለች።

ጣና ዳር
እሺ ዶክተር። ግን ትንሽ ልጅ ልብ መክፈት ቀላል አድርጋችሁ አታውሩት እንጂ። ይሄ የልብ ቀዶ ጥገና የሚባለው ትናንት የመጣ ነገር ነው፣ እየተሞከረብን ነው።

ተረኛው
ጣና ዳር፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው የተሠራው። ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም የሰባት ዓመት ልጅ ቧንቧ አሰረ። አለቃው አገር ውስጥ አልነበሩም፣ ቢኖሩ ይፈቅዱ እንደነበር እንጃ። ልጅቷ ዳነች። ያን ጊዜ ልብ ከፍቶ የሚያሠራ ማሽን ገና አልነበረም። ለዚህ ቧንቧም ማሽኑ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ልቡ አይከፈትም። በግራ በኩል በጎድን አጥንቶች መካከል ይገባና ቧንቧው ይታሰራል፣ በቃ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ይሄም አያስፈልጋቸውም። በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በራጅ እየታየ እስከ ቧንቧው ይደርሳል፣ ከቀጭን ሽቦ የተሠራች መድፈኛ እዚያ ትቀመጣለች። ደረት አይነካም። የትኛው እንደሚሻል የልጁ ኪሎና የቧንቧው ቅርፅ ይወስናል።

ጎርጎራ
የሚሚ እናት፣ ባለቤትሽ ይህን እንዲያነብ አድርጊ። ትጠንክርና የሚለውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ።

ታላቅ እህቴ ልጅ ሆና አንድ ሐኪም ልቧ ድምፅ አለው ብሎ ጎንደር ጻፈላት። ደህና ነበረች እኮ። ትሮጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትምህርት ቤት በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። አባታችን እያየኋት ምን ሆነች አለ። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ዓመታት አለፉ፣ እሷም ረሳችው እኛም ረሳነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ዳገት እንኳ መውጣት አቃታት። ጎንደር ወሰድናት። ሐኪሙ ካልሲሽን አውልቂ አላት። የእጇ ጥፍሮች ደህና ናቸው፣ የእግሯ ጣቶች ግን ሰማያዊ። የሳንባዋ ግፊት በጣም ወጥቶ ደሙ አቅጣጫውን ቀይሯል አሉን። አሁን ቢዘጋ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም ተባልን። እንዳትወልጂም ተብላለች። ዛሬ በመድኃኒት አለች፣ ተመስገን፣ ግን ያቺ የምትሮጠዋ እህቴ አይደለችም።

የሚሚ እናት
ወይኔ እናቴ። የእግሯ ብቻ ለምን?

ተረኛው
ቧንቧው አኦርታ ላይ የሚገናኘው ወደ እጅና ወደ ራስ የሚሄዱት ቧንቧዎች ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ደሙ ሲገለበጥ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ታች፣ ወደ እግር ይሄዳል። እዚህ የሚደርሰው የሳንባ ቧንቧዎች ለዓመታት ያንን ሁሉ ደም ሲቀበሉ ኖረው ግድግዳቸው ሲወፍርና ሲደድር ነው። የሚያሳዝነው፣ ወደዚያ እየሄደ ሳለ ልጁ ለጊዜው የተሻለው ሊመስል ይችላል፣ ወደ ሳንባ የሚፈሰው ደም ስለሚቀንስ። ማለከለኩ ይተወዋል፣ ቤተሰብ ዳነ ይላል።

የሚሚ እናት፣ ያንቺ ልጅ እዚያ አይደለችም። ገና ሕፃን ናት፣ ወረቀቷም የሚለው ግራው ሰፋ ብሏል ነው። ባለቤትሽ ትጠንክር ማለቱ ከፍቅር ነው፣ ግን ኪሎ የማትጨምረው በዚሁ ቧንቧ ምክንያት ነው። ስንት ኪሎ ሲሞላት እንደሚዘጋ የሚወስኑት የሚዘጉት ሐኪሞች ናቸው። እነሱ ይያት፣ ጠብቁ ካሉ በእነሱ ቀጠሮ ትጠብቃላችሁ። ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ግን ሌላ ነው።

ሌሎች አንባቢዎችም እንዳትደነግጡ፣ ፒዲኤ ሁሉ በሐኪም መዘጋት አለበት ማለት አይደለም። በማዳመጫ እንኳ የማይሰማ፣ በኢኮ ብቻ በአጋጣሚ የሚገኝ በጣም ጠባብ አለ፣ እሱ በክትትል ብቻ ይታለፋል።

የዘጌው ሽማግሌ
ልጆቼ፣ ንግግራችሁን ከልጅ ልጄ ስልክ ላይ እያስነበብኩ ሰማሁ። አንቺ ልጄ፣ ሐኪሞቹ የሚሉሽን ስሚ። ጸበሉንም አትርሺ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እኛ ዘንድ ናት፣ ስትመጪ ቤቴ እንግዳ ነሽ። እንጥል ማስቆረጡን ግን ተዪው። በእኛ ዘመን ስንቱ ልጅ ደም እየፈሰሰው እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። አማትሽንም በቁጣ ሳይሆን በለዘብታ ንገሪያት፣ እሷም የምታውቀውን ነው ያለችው።

ሲስተር ነኝ
አባቴ እድሜ ይስጥዎ። እርስዎ እንዲህ ሲሉ እኛ ከምንለው ይልቅ ይሰማል።

የሚሚ እናት፣ እንጥል የሚቆረጥበት ምላጭ ከመድማቱ ሌላም ጣጣ አለው። ቁስሉ ወደ ደም ጀርም ያስገባል፣ ያ ጀርም ደግሞ ደሙ በኃይል በሚሽከረከርበት ቧንቧ ላይ ሊሰፍርና ልቧን ሊመርዝ ይችላል። የወተት ጥርስ መንቀልም እንደዚያው ነው። ይሄ ለአማትሽ የምትነግሪው ነው።

ጸበሉን ማንም አይከለክልሽም። ብቻ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትነከር፣ ይረጭላት። ስድስት ወር ስላልሞላት አትጠጣ። መድኃኒቱ ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። አንዳንዱ ሱባኤ ገብቼ ነው እያለ ላሲክስ አቁሞ ልጁን ሲያለከልክ ይዞ ይመጣል፣ ያን ጊዜ እኔም እናደዳለሁ፣ ልደብቅሽ አልችልም።

የማሙሽ አባት
እኔ ከፈረንጅ ሐኪምም ከመጽሐፍም አልነግርሽም፣ ያየሁትን ነው። የእኔ ልጅ ተዘግቶለታል። አሁን ጥርሱ እየወለቀ ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ይማታል።

የሄድነው የኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ማዕከል ነው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማህበር ሕዝቡን እያስተባበረ ያቆመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተከፈተው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ይሄን ልሸፍንልሽ አልፈልግም። ለዚህ ነው ቶሎ መመዝገብ ያለብሽ። መዝገብ ላይ ስሟ ከሌለ ወረፋዋ አይጀምርም። ስትጠነክር እንሄዳለን ማለት ያኔ ከመጨረሻ እንሰለፋለን ማለት ነው፣ ለባለቤትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነበር።

ስልክ ቁጥራችሁን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ስጧቸው። ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን ሲኖር ድንገት ይደውላሉ፣ ስልኩ ዝግ ሆኖ ተራው የሚያልፈው ሰው አይቻለሁ። ሲደውሉ ልጁ ጉንፋን ወይም ምች ላይ ከሆነ ደግሞ ይመለሳል፣ ስለዚህ ከሚያስል ሰው አርቂያት፣ ክትባቷም አይለፋት።

የእኛው በብሽሽት ነው የተዘጋው። ገብቶ እስኪወጣ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። በማግስቱ ይዛችሁ ሂዱ አሉን። ብሽሽቱ ላይ ትንሽ ፋሻ ብቻ ነበር። እናቱ ማታ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የለም የለም ስትል አደረች፣ ያ ድምፅ ማለቷ ነው። ከዚያ ለስድስት ወር ጥርስ ሕክምና ካስፈለገው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል ብለውናል።

አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ከዚያ በፊት የልብ ማጠንከሪያ ብሎ ውድ ቫይታሚን ሸጦልን ነበር። ልብ የሚያጠነክር ቫይታሚን የለም። ብራችሁን ለመንገድ አስቀምጡ።

ከፍታ
ጣልቃ ልግባና፣ ይሄ ነገር ደጋ አገር ይበዛል የሚባለው እውነት ነው? ደብረ ታቦር ነው ያደግነው።

ተረኛው
ኦክስጅን ሲያንስ ቧንቧው የመዝጊያ ምልክቱን በደንብ ስለማያገኝ፣ እጅግ ከፍተኛ ቦታ በሚወለዱ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ፔሩ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ይህ በደንብ ታውቋል። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የሚሚን በከፍታ አናሳብብም።

የመንታ እናት
ዶክተር ይቅርታ፣ የእኔ መንታዎች ገና በሰባት ወር ነው የተወለዱት፣ ማሞቂያ ክፍል ናቸው። አንደኛው ፒዲኤ አለው ተባልኩ፣ ግን እንጠብቅ አሉኝ። ለእሷ ሂጂ ትላላችሁ፣ ለእኔ ጠብቂ። ግራ ገባኝ።

ተረኛው
ግራ አይግባሽ። ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ቧንቧው ገና ሊዘጋ አልተዘጋጀም፣ ብዙዎቹ ሲያድጉ ራሱ ይዘጋል። ትንፋሹን ካስቸገረው በአይቡፕሮፌን፣ በኢንዶሜታሲን ወይም በፓራሲታሞል ሊሞከር ይችላል፣ ያንን የሚወስኑት እዚያው ያሉት ናቸው። ስትወጡ ድጋሚ ኢኮ መቼ እንደሆነ ጠይቂ፣ በካርዱ ላይም አስጽፊ። እቅፍ አድርገሽ ገላሽ ላይ መያዝ ከፈቀዱልሽ ያዢው።

ጣና ዳር
የሚሚ እናት፣ ያልኩትን ተዪው፣ ሂጂ። አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ እህቴ አለች። ማረፊያ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ለጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም።

የሚሚ እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለቤቴ ትናንት ማታ ከላይ እስከ ታች አነበበው። የጎርጎራን ሁለት ጊዜ። ምንም አላለም፣ ጠዋት ግን የሪፈር ወረቀቱንና የኢኮውን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ተመዝግባለች፣ ለግምገማ በሰኔ ኑ ብለውናል። አማቴ እንጥሉን ትታለች። ጸበሉን አልተወችም፣ በፕላስቲክ እያመጣች ትረጫታለች፣ ሲስተር እንዳለችው። ላሲክሱን ከጀመረች ወዲህ ጡቱን ረዘም አድርጋ ትይዛለች። በአውሮፕላን እንሂድ ወይስ በመኪና የሚለው ብቻ ቀርቶናል።

የማሙሽ አባት
በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃ ላይ ሙቀቱ ልጅ ያደክማል፣ መንገዱም እንደ ሰሞኑ ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቻላችሁ እሱን፣ ግን መብረር ትችላለች የሚለውን እዚሁ ሐኪሟን አስጽፉ። የኢኮውን ወረቀት ዋናውን ያዙ፣ ፎቶው አይበቃም። የመድን ደብተር ካላችሁ ሪፈሩ ላይ ማህተም መኖሩን እዩ፣ ማህተም ጎድሎ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ላሲክሱን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ያዢ። ደግሞ የሰኔ አዲስ አበባ እንደኛ አገር አይምሰልሽ፣ ወፍራም ልብስ ጨምሪላት።